ስለ ሁለት ቅኔዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ልሄድ በተነሣሁ ጊዜ አክስቴ ቡና አፍልታ ዘመድ አዝማዱን ሰበሰበችና «ለመሆኑ ዶክተር የምትሆነው በምን ትምህርት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በድርሰት ነው» አልኋት። ስኒውን ከአፏ መልሳ «ድርሰት ለመጻፍ ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባል? ያዩትንና የሰሙትን መጻፍ አይደለም ወይ?» ብትል በዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ መልስ አልሰጠኋትም፤ እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር።

ዛሬ ብትጠይቀኝ ግን የምመልስላት ከፈረንጅ አገር አምጥቼ ሳይሆን ከገዛ ቤታችን ነው። የእርሷና የእናቴ አባት በጎጃም የቅኔ መምህር ነበሩ። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሱንና አገባቡን ከያዘ በኋላ የሌላውን ሰው ቅኔ በመሸምደድ ብቻ አይመረቅም። አኮፋዳውን አንግቦ ቁራሹን ለምኖ ሲመለስ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን ይመላለታል፤ ምስጢሩ የተፋለሰውን ያቀናለታል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን አልፎ፥ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ እንዲህ እያለ ይወጣል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም ያፍራል፤ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢነግርማ ከጓደኞቹ መካከል መቀመጥ ይቸግረዋል። እንግዲህ ሰው በገዛ አእምሮው ፈጥሮ ባቀረበው ሥራ ተመርምሮ ማዕረግ ማግኘቱ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። ዋሸራ፥ ጎንጅና ዋድላ ይህን ሲያደርጉ የፈረንጅ ዩኒቨርሲቲዎች ገና አላሰቡትም ነበር።

እነርሱ ያሰቡት ዘግይተው ነው። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ግጥምና ልብ ወለድ ለከፍተኛ ማዕረግ መመረቂያ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል ያስታወቀው በ1922 ነው፤ በ1936ም ደራስያን የሚሠለጥኑበትን ስመ ጥር ክፍሉን አቋቋመ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በኖርዊች ከተማ ባለው በኢስት አንግልያ ዩኒቨርሲቲ ማልኮልም ብራድበሪና አንገስ ዊልሰን የተባሉ ደራስያን በ1970 የማስተርስ ትምህርቱን ጀመሩ። የመጀመሪያው ተማሪ ኋላ ስሙ የገነነው ኢያን መክዩዋን ነበር። የዶክተርነቱ ትምህርት በ1987 ተጨመረ፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ።

ትምህርቱ የሚካሄድበትን መንገድ ባጭሩ ልንገርህ። ተማሪው የሚያቀርበው ጽሑፍ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የፈጠራ ሥራው ነው፤ ይኸውም ልብ ወለድ፥ የግጥም መድበል፥ ወይም ሁለቱን የቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ስለዚያ ሥራና ስለ ጥያቄው በጥናት የሚጻፍ ሐተታ ነው። የሁለቱ ድምር በብዙ ቦታ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል ይደርሳል፤ የሚበዛውን የፈጠራው ክፍል ይወስዳል። ሦስት ወይም አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ተማሪው በዝግ ክፍል ከፈታኞች ፊት ይቀርባል፤ ከነዚህም ቢያንስ አንዱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ነው።

ከሁለቱ የሚከብደው የትኛው ነው ብትለኝ ሐተታው ነው እልሃለሁ። ልብ ወለዱን ሲጽፉ ሌሊት እንቅልፍ የማያምራቸው ጓደኞቼ ሐተታው ሲደርስ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ብዙዎቻችን ለገዛ ድርሰታችን ጠበቃ ሆነን ቆምን እንጂ መርማሪ አልሆንም። አንዳንዱ የራሱን ሥራ እያመሰገነ ሠላሳ ገጽ ሲጽፍ አይቻለሁ። (እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ።) ደግሞም ደራሲ ለመሆን ይህ ማዕረግ የግድ ነው ብለህ እንዳትሳሳት። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ማንም ዶክተር አላላቸውም፤ የክብሩ ማዕረግ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪውን በዛብህን ግን ያለ ቅኔ ቤት ሊጽፉት ባልቻሉ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ።

ለዶክተርነት ያቀረብሁት የአያቴን ሕይወት የሚተርክ ቅይጥ ድርሰት ነበር። ቅይጥ ድርሰት የሚባለው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ስድ ንባብና ግጥም፥ ታሪክና ልብ ወለድ፥ ፎቶግራፍና ደብዳቤ ተደባልቀው የሚሄዱበት ነው። ፈረንጆች እንደ አዲስ ፈሊጥ ያወሩታል እንጂ እኛ ቤት የቆየ ነው፤ ገድሉ በስድ ንባብ፥ ተአምሩ ከገድሉ ቀጥሎ፥ መልክኡ በግጥም ሆኖ በአንድ ጥራዝ ሲጠረዝ በየቤተ ክርስቲያኑ አይተሃል። በኛ ዘመንም ትውልደ ኢትዮጵያዊቱ መዓዛ መንግሥቴ ስለ ጣልያን ወረራ በጻፈችውና በ2019 በታተመው ልብ ወለድ በምዕራፎቹ መካከል ፎቶግራፍን በቃል የሚሥሉ ገጾችንና እንደ ግሪኮች ቴአትር በኅብረት የሚናገሩ ድምፆችን አስገብታለች።

እኔ ይህን መንገድ የመረጥሁት በችግር ነው። ከአያቴ የቀረልን አንድ የግስ ደብተር፥ ፊታቸው የደበዘዘ አንድ ፎቶግራፍ፥ ጥቂት የግብር ደረሰኝና የእናቴ ትዝታ ብቻ ነበር። በዚህ ሙሉ የሕይወት ታሪክ አይጻፍም፤ ሙሉ ልብ ወለድ ብጽፈው ደግሞ አያቴ ከመጽሐፉ ይወጡብኛል። ስለዚህ የማውቀውን በስድ ንባብ፥ የማላውቀውን በግጥም እጽፋለሁ፤ ሥዕሉንና ደረሰኙንም በመካከሉ አኖራለሁ ብዬ ቈረጥሁ። አማካሪ መምህሬም ደስ አላቸው።

ነገር ግን ስለ ቅኔ መምህር የሚጻፍ መጽሐፍ ያለ ቅኔ እንዴት ይሆናል? የአያቴ ቅኔዎች አልተጻፉም፤ እርሳቸውም ቢሆኑ መጻፉን አይወዱም ነበር። በልጅነቴ ሁለት ክረምት ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ስለ ነበር ከአንዲት ጉባኤ ቃና የመጀመሪያው ቤት ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ሁለተኛው ጠፍቶብኛል። እናቴ ደግሞ በራብ ዓመት በሬያቸውን ለመሸጥ ገበያ በነዱ ማግሥት ስለዚያ በሬ የተቀኙት ቅኔ እንደ ነበረ ነግራኛለች፤ ከቅኔው ግን አንድ ቃል አላስታወሰችም።

የሠራሁትን ስሕተት እነሆ። የጠፋውን የጉባኤ ቃና ቤት እኔው ቈጥሬ ሞላሁት። የበሬውንም ቅኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ ሠራሁት፤ ግዕዜ ደካማ ስለሆነ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሰሙ ለገበያ የሚነዳው በሬ ነው፤ ወርቁ አያቴ ራሳቸው ናቸው፤ ዕውቀታቸውን ለቁራሽ እንጀራ የሸጡ ድኻ መምህር። ሁለቱንም በአያቴ ስም ከነትርጉማቸው በድርሰቱ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ከፎቶግራፉና ከደረሰኙ ጎን እንደ እነርሱ ማስረጃ አድርጌ አኖርኋቸው።

አማካሪዬ ካነበቡት ሁሉ የበሬውን ቅኔ ወደዱ። «ሌላው ገጽ ያንተ ነው፤ ይህ ግን የእርሳቸው ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ ይሰማል» አሉኝ። በዚያች ሰዓት እውነቱን መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም። መምህሬ ግዕዝ አያውቁም፤ በዚያ አገር ሐሰቴን የሚያውቅብኝ አንድ ሰው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ስለ ሕያዋን ሰዎች የምጽፍ እንደሆነ ፈቃዳቸውን መጠየቄን የምገልጽበት ቅጽ አስሞልቶኝ ነበር፤ በቅጹ ላይ ስለ ሙታን የሚጠይቅ መስመር አላገኘሁም። ኅሊናዬ ሲወቅሰኝም «ቅይጥ ድርሰት እኮ ነው፤ እውነትና ፈጠራ የሚቀላቀሉበት ነው» እያልሁ አስተኛው ነበር።

ለማስተኛም የሚረዱኝን ታላላቅ ሰዎች ፈልጌ አገኘሁ። የጃፓኑ ባለ ቅኔ ባሾ በ1689 ወደ ሰሜን ያደረገውን የእግር ጉዞ በስድ ንባብና በአጫጭር ግጥሞች ጻፈ፤ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1702 ታተመ። አብሮት የተጓዘው ሶራ በየዕለቱ የጻፈው ማስታወሻ ግን በ1943 ታትሞ ቢነጻጸር ባሾ አንዳንዱን ቀንና ቦታ እንደ ለወጠ፥ ያልሆነውንም እንደ ጨመረ ታወቀ። ሆኖም መጽሐፉን እስከ ዛሬ የሚንቀው የለም። በኢስት አንግልያ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማረው ጀርመናዊ ደራሲ ሴባልድም ፎቶግራፍን ከስድ ንባብ ጋር እያዋሐደ እውነትና ፈጠራን በማይለይ ስፌት ይሰፋ ነበር። እነርሱ ካደረጉት እኔ ባደርግ ምን አለበት አልሁ።

የሴባልድን ነገር ግን እስከ መጨረሻው አላነበብሁም ነበር። በ1992 በጀርመንኛ ባሳተመው ስለ ስደተኞች በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ አንዱን ሰው ከፊሉን በሎንዶን ይኖር ከነበረው ከሠዓሊው ከፍራንክ አወርባክ ሕይወት ቀድቶ ማክስ አውራክ ብሎ ሰይሞት ነበር። ሠዓሊው ይህን አልወደደውም፤ መጽሐፉ በ1996 በእንግሊዝኛ ሲወጣ የሰውየው ስም ተለውጦ ማክስ ፈርበር ተባለ፤ የሠዓሊው ሥራ የነበረውም ሥዕል ከመጽሐፉ ወጣ። አወርባክ በሕይወት ስለ ነበረ «ይህ እኔን ይነካል» ለማለት ቻለ። አያቴ ግን ለማለት አይችሉም። ባሾም ቢሆን የለወጠው የገዛ ጉዞውን ነው።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ለጥናቴ ወደ አገሬ መጣሁና የአያቴ ተማሪ የነበሩ አንድ መሪጌታ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ደብር እንዳሉ ሰምቼ ሄድሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል። የየኔታ የልጅ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ ድርሰቱን አወጣሁና «የአያቴ ቅኔዎች አሉበት፤ ላንብብልዎ?» አልኋቸው። ለምን እንዳነበብሁላቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት ሐሰቴን አንድ የሚያውቅ ሰው እንዲያጸድቅልኝ ፈልጌ ይሆናል።

ጉባኤ ቃናዋን አነበብሁ። «ድገማት» አሉኝ፤ ደገምኋት። «የመጀመሪያው ቤት የየኔታ ነው። ሲናገሩት ነበርሁ። ሁለተኛውን የቈጠረው ማን ነው?»

ዝም አልሁ። የበሬውን እንዳነብ አዘዙኝ። ጨርሼ ቀና ስል ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።

«ልጄ፥ ቤቱ ልክ ነው፤ ምስጢሩም አልተፋለሰም። ነገር ግን ይህ የየኔታ አይደለም። የኔታ ስለ ገዛ ችግራቸው ተቀኝተው አያውቁም። በዚያ ዓመት በሬያቸውን መሸጣቸው እውነት ነው፤ የተቀኙት ግን ሁለቱንም በሬዎቹን ስለ ሸጠው ስለ ጎረቤታቸው ነው። አንድ በሬ ቀርቶልኝ ስለ እኔ ምን እላለሁ ይሉ ነበር። እኒህ ሰው አልቅሰው አያውቁም፤ አንተ በወረቀት ላይ አስለቀስሃቸው።»

«እርስዎ ቅኔውን ያስታውሱታል ወይ?» ብዬ በብዙ ኀፍረት ጠየቅኋቸው።

«የኔታ የሚዘርፉትን ሁሉ ማን ይይዘዋል? የጉባኤ ቃናዋንም ሁለተኛ ቤት እኔም ረስቻለሁ» አሉና «ያልያዝኸውን አልያዝሁም በል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቅኔው አላነሡብኝም፤ ምሳ አበሉኝ፤ ስለ ሎንዶን ብርድም ጠየቁኝ።

ወደ ከተማ ስመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ያቃጠለኝ ሐሰት መናገሬ ብቻ አልነበረም። የበሬውን ቅኔ ስሠራ ለአያቴ የማዝን ይመስለኝ ነበር። ነገሩን ሳስበው ግን በድኽነታቸው የማፍረው እኔ ነበርሁ፤ እርሳቸው አላፈሩበትም። የፈረንጅ አንባቢ እንዲያዝንላቸው ብዬ ያልነበራቸውን ኀዘን በአፋቸው አኖርሁባቸው። የማላውቀውን በግጥም እጽፋለሁ ብዬ ጀምሬ የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ጨረስሁ። ስድ ንባብ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው «ይህን ከየት አገኘኸው?» ባለኝ፤ ግጥም ሲሆን ግን ሰው መጠየቁን ይተዋል። በቅኔ ቤት ይህ ሐሰት ግማሽ ቀን አይቆይም ነበር፤ የሚሰማ ጆሮ አለና። እኔ ግን ከሚሰማው ጆሮ ርቄ ሄጄ በሌላ አገር ጆሮ ላይ ተማመንሁ።

ለአማካሪዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ተቈጥተው ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ወደ መስኮቱ ሲመለከቱ ቈይተው «ሐተታህን አሁን ገና ልትጽፈው ነው» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። የቀድሞውን ሐተታ ትቼ ስለ ሁለቱ ቅኔዎች ጻፍሁ፤ ማን የትኛውን ቤት እንደ ሠራ፥ ስፌቱ የት ላይ እንደሆነ፥ ለምንስ እንደ ሸሸግሁት። በድርሰቱም ውስጥ የጉባኤ ቃናዋን የመጀመሪያ ቤት በአያቴ ስም አስቀመጥሁና ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር ተውሁ። የበሬውን ቅኔ ከአያቴ ምዕራፍ አወጣሁት፤ መጣል ግን አልቻልሁም፤ በሌላ ገጽ በራሴ ስም ጻፍሁት፤ በስሜ ሲሆን ያን ያህል የሚያስደንቅ ቅኔ አለመሆኑም ታየኝ። ስድ ንባቡም ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። «እናቴ እንደ ነገረችኝ» የሚለውን ቃል፥ «ይህን እኔ አሰብሁት» የሚለውን ቃል ሳላፍር እጽፍ ጀመር።

በፈተናው ቀን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሴት መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ባዶው መስመር ነበር። ስለ እርሱ ብቻ አርባ ደቂቃ ያህል ተነጋገርን። ጥቂት እርማት ታዞልኝ አለፍሁ።

የቀረኝ የእናቴ ነገር ነበር። በሁለተኛው ዓመት የበሬውን ቅኔ ከነአማርኛ ትርጉሙ በደብዳቤ ልኬላት ነበር። እርሷም በቁም ጸሓፊ አስጽፋ፥ በመስተዋት አድርጋ፥ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር ሰቅላዋለች። በአያቴ ሙት ዓመት ቀን ለመጡት ካህናት አንብባላቸዋለች፤ ትርጉሙን በቃሏ ይዛዋለች። «አባቴ ይህን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል ለካ» እያለች ታለቅስ እንደ ነበር አክስቴ ነግራኛለች።

ተመርቄ ስመለስ ድግሱ ካለፈ በኋላ አንድ ማታ ብቻዋን ስትሆን ነገርኋት። ምክንያት ሳልደረድር «እማዬ፥ ያ ቅኔ የአባባ አይደለም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። አባባ የተቀኙት ስለ ጎረቤታቸው ነው» አልኋት። መሪጌታው ያሉኝንም ነገርኋት። ጎረቤትየው ማን እንደ ነበረ ወዲያው ዐወቀች፤ የልጆቹንም ስም ጠራችልኝ። ከዚያ ብዙ ቈይታ «ታዲያ እኔ ያለቀስሁት ለማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ተነሥታ መብራቱን አጠፋችና ተኛች።

በሳምንቱ ልጠይቃት ስሄድ የአያቴ ፎቶግራፍ በቦታው አለ፤ ከሥሩ የነበረው መስተዋት ግን ተነሥቷል። ግድግዳው ላይ በአራት ማዕዘን የነጣ ቦታ ይታያል። የት እንዳኖረችው አላወቅሁም፤ አልጠየቅኋትምም። ቡናውን አቅርባ ስለ በሬው ዓመት ሌላ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ትነግረኝ ጀመረች፤ እኔም ደብተሬን አወጣሁ።